ካንቶኑን ተዉት፣ ኮሚዩኑን ያዙ

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት እናት ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ባለቤቴ ሉክሰምበርግ ስራ አግኝቶ ሄዷል። እኔም ልጆቼን ይዤ ልከተለው ነው። አገሩን ቀድሜ ልወቀው ብዬ ባነብ ጭራሽ ግራ ገባኝ። አንዱ 3 ዲስትሪክት አለ ይላል። ሌላው 12 ካንቶን ይላል። ደግሞ 4 የምርጫ ክልል አለ። ኮሚዩን የሚሉት ነገር አንዴ 116፣ አንዴ 105፣ አንዴ 102 ነው። ትክክለኛው የቱ ነው? ካንቶን ማለት እንደኛ ክልል ነው? እኛስ ጉዳያችንን የምንጨርሰው የት ነው?»

እህታችን፣ ያነበቧቸው ቁጥሮች ሁሉም በጊዜያቸው ትክክል ነበሩ። ኢንተርኔት ላይ አሮጌውም አዲሱም ጎን ለጎን ስለሚገኝ ነው ግራ የገባዎት። ዛሬ ያለው ይህ ነው፦ 12 ካንቶን፣ 100 ኮሚዩን (እንደኛ ማዘጋጃ ቤት ማለት ነው)፣ እና ለፓርላማ ምርጫ ብቻ የሚያገለግሉ 4 የምርጫ ክልሎች። ዲስትሪክት ከ2015 ወዲህ የለም። የቤተሰባችሁ ጉዳይ ደግሞ በአብዛኛው የሚጀመረው ኮሚዩን ላይ ነው። (ዓመተ ምህረቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ለቸኮለ ሰው ይሄ ይበቃዋል። እርስዎ ግን ለመኖር ስለሆነ የሚሄዱት፣ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

«ካንቶን እንደኛ ክልል ነው?» ከሚለው ልጀምር። አይደለም፤ ጨርሶ አይቀራረቡም። ክልል ምክር ቤት አለው፣ ርዕሰ መስተዳድር አለው፣ በጀት አለው። የሉክሰምበርግ ካንቶን ከነዚህ አንዱም የለውም። «የካንቶኑ ጽህፈት ቤት በየት በኩል ነው?» ብለው መንገድ ላይ ቢጠይቁ የሚያሳይዎት ሰው አያገኙም። ቢሮው ስለሌለ። ሰው የሚሳሳተው ስዊዘርላንድን እያሰበ ይመስለኛል። እዚያ ካንቶን የራሱ ሕገ መንግሥት፣ ፓርላማና ግብር ያለው ነገር ነው። ሉክሰምበርግ ግን ፌዴራል አገር አይደለችም። ሕግ የሚያወጣ አንድ ፓርላማ አለ፣ የሚያስፈጽም አንድ መንግሥት አለ፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ኮሚዩን ይወረዳል። መሃል ላይ ማንም የለም።

መሃል ላይ ሰው ማስቀመጥ የሚያስፈልጋት አገርም አይደለችም። ስፋቷ 2,586 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ 82 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሕዝቧ ከ680 ሺህ ይበልጣል። የአውሮፓ ኅብረት የስታቲስቲክስ መስሪያ ቤት አባል አገሮችን በሦስት ደረጃ ይከፋፍላል፤ ትልቅ አካባቢ፣ መካከለኛ አካባቢ፣ ትንሽ አካባቢ እያለ። ሉክሰምበርግ በሦስቱም ደረጃ ያው አንድ አካባቢ ናት። የሚከፋፍሉት አጥተው እንዳለች ተዋት።

ታዲያ ካንቶን ለምን ይኖራል? መነሻው ፈረንሳዮች ናቸው። በ1795 አገሩን ጠቅልለው ከራሳቸው ጋር ሲቀላቅሉት የራሳቸውን አከፋፈልም ይዘው መጡ። ካንቶኑም ኮሚዩኑም የዚያ ዘመን ውርስ ነው። ኮሚዩኑ እያደገ ስልጣን ሲያገኝ፣ ካንቶኑ የካርታ መስመር ሆኖ ቀረ። ዛሬ ዋና ጥቅሙ ለስታቲስቲክስ፣ ለፍርድ ቤት ወሰን እና ለምርጫ ነው።

ምርጫው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ 4ቱ የምርጫ ክልሎች የሚገነቡት በካንቶን ስለሆነ ነው። ደቡብ የሚባለው ኤሽ ሱር አልዜትና ካፔለን ካንቶኖችን ይይዛል፤ 23 የፓርላማ ወንበር አለው። መካከለኛው ሉክሰምበርግና ሜርሽ ካንቶኖች ናቸው፤ 21 ወንበር። ሰሜን ዲኪርሽ፣ ረዳንዥ፣ ቪልትዝ፣ ክሌርቮና ቪያንደን፤ 9 ወንበር። ምሥራቅ ግሬቨንማኸር፣ ሬሚሽና ኤኽተርናኽ፤ 7 ወንበር። ድምሩ 60 ነው። መራጩ በክልሉ ባሉት ወንበሮች ልክ ድምጽ ይሰጠዋል። የደቡብ ሰው 23 ድምጽ አለው፣ የምሥራቅ ሰው 7። ድምጹን ለአንድ ፓርቲ ሙሉውን መስጠት ይችላል፣ ከየፓርቲው የወደደውን እየመረጠ መበተንም ይችላል። አገሩ አንድ የምርጫ ክልል ይሁን የሚሉ አሉ። እኔም ለእነሱ ባደላ ይሻለኛል፤ ከቤት ወደ ስራ ሲሄድ ሁለት የምርጫ ክልል የሚያቋርጥ ሕዝብ እኮ ነው። ግን የሰሜንና የምሥራቅ ሰዎች «የኛ ድምጽ በደቡብና በከተማው ይዋጣል» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ዲስትሪክቱስ? ሦስት ነበሩ፦ ሉክሰምበርግ፣ ዲኪርሽ እና ግሬቨንማኸር። በየዲስትሪክቱ መንግሥት የሚሾመው ኮሚሽነር ነበር። ስራው ኮሚዩኖችን መቆጣጠርና በእነሱና በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር መካከል ወረቀት ማመላለስ ነበር። ዋና ከተማዋ ደግሞ ከመጀመሪያውም ቀጥታ ከሚኒስቴሩ ጋር ነበረች፤ ኮሚሽነሩ አያዛትም። በ2015 «ይሄ ደረጃ ምን ይሰራል?» ተባለና ከጥቅምት 3 ቀን ጀምሮ ተሰረዘ። የቁጥጥሩ ስራ ወደ ሚኒስቴሩ ዞረ። እርስዎ ያነበቡት ባለ 3 ዲስትሪክቱ ገጽ ከዚያ በፊት የተጻፈ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይለዩ። ለፍርድ ቤት ስራ አገሩ አሁንም ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ አንዱ መቀመጫው ሉክሰምበርግ፣ ሌላው ዲኪርሽ ነው። አንዳንድ ጽሑፍ ይህንንም «ዲስትሪክት» ብሎ ስለሚጽፈው ከድሮው ጋር ይምታታል። ክስ ካልገጠመዎት ላያስፈልግዎት ይችላል፤ እንዳይገጥምዎም ምኞቴ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ኮሚዩን።

ኮሚዩን በሕዝብ የተመረጠ ምክር ቤት፣ ከንቲባ፣ የራሱ በጀትና የራሱ ሰራተኞች ያሉት አስተዳደር ነው። ትልቅ ከተማም ይሁን አምስት መንደር የተሰበሰበበት ገጠር፣ ሕጉ አንድ ነው፤ በ1988 የወጣው የኮሚዩን ሕግ። ሉክሰምበርግ ከተማ ራሷ አንዲት ኮሚዩን ናት። 24 ሰፈር አላት፣ ሰፈሮቹ ግን የራሳቸው አስተዳደር የላቸውም። የአውሮፓ ኅብረት መስሪያ ቤቶች ያሉበት ኪርሽቤርግ ከእነዚያ ሰፈሮች አንዱ ነው። የምክር ቤቱ መጠን በነዋሪ ብዛት ይወሰናል። ከሺህ በታች ሕዝብ ላለው 7 አባል፣ እያለ 20 ሺህና ከዚያ በላይ ላለው 19። ዋና ከተማዋ ብቻ 27 አላት። ከንቲባውና ረዳቶቹ ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ይመጣሉ። ከንቲባውን በመደበኛ ወረቀት የሚሾመው የአገሩ ርዕሰ ብሔር የሆነው ግራንድ ዱክ ነው፤ ምርጫው ግን የምክር ቤቱ ነው።

አንዳንድ ቦታዎች «ከተማ» የሚል ማዕረግ አላቸው። 12 ናቸው። ካንቶንም 12 ስለሆነ ሰው አንድ ናቸው ብሎ ያስባል፤ አይደሉም። ለምሳሌ ካፔለን ካንቶን ናት፣ የከተማ ማዕረግ ግን የላትም። ዲፈርዳንዥና ዱደላንዥ ከተማ ናቸው፣ በስማቸው የሚጠራ ካንቶን የለም። ማዕረጉም ክብር እንጂ ተጨማሪ ስልጣን ይዞ አይመጣም።

ቁጥሩ ለምን ተለዋወጠ ላሉት ደግሞ መልሱ ኮሚዩኖች ስለሚዋሃዱ ነው። ትንንሽ ኮሚዩኖች በጀታቸው ጠባብ ነው፣ ባለሙያ መቅጠር ያቅታቸዋል። መንግሥትም ለሚዋሃዱት የገንዘብ ድጋፍ ይሰጣል። ግን አስገድዶ አይደለም። ነዋሪው በሕዝበ ውሳኔ ይጠየቃል። እሺ ካለ ይዋሃዳሉ። እምቢ ካለ እዚያው ላይ ይቀራል።

ቁጥሩን እስቲ አብረን እንቁጠረው። እስከ 2011 ድረስ 116 ነበሩ። በዚያ ሰሞን ስድስት ውህደት ተደረገና 106 ሆኑ። በ2015 ቪልትዝ ጎረቤቷን ኤሽቫይለርን ስትቀላቀል 105። በ2018 ሦስት ጥንዶች ተዋሃዱና 102። በመስከረም 2023 ቡስ ከቫልድብሬዲሙስ፣ ግሮስቡስ ከቫል ጋር ሲቀላቀሉ 100 ድፍን ሆነ። ስለዚህ ያነበቡት ቁጥር ጽሑፉ የስንት ዓመት እንደሆነ ይነግርዎታል። 105 ካለ ከ2015 እስከ 2017 የተጻፈ ነው ማለት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ቪዛ ሲጠይቁ ስሟን ደጋግመው የሰሙት ሼንገን ከእነዚህ ኮሚዩኖች አንዷ ናት። በሬሚሽ ካንቶን፣ በሞዘል ወንዝ ዳር፣ ጀርመንና ፈረንሳይ ከሉክሰምበርግ ጋር በሚገናኙበት ጥግ ላይ ያለች የወይን መንደር ናት። በስሟ የሚጠራው፣ በአገሮች መካከል የድንበር ፍተሻን የሚያስቀረው ስምምነት በ1985 የተፈረመው እዚያው ወንዙ ላይ፣ መርከብ ውስጥ ነው። ኮሚዩኑ ድሮ ሬመርሸን ነበር የሚባለው። በ2006 የታወቀውን ስም ወሰደ፣ በኋላ ደግሞ ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር ተዋሃደ።

ካንቶኑ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ የሚያሳየኝም ይሄው ውህደት ነው። ሆሻይድ የምትባል ቦታ በዲኪርሽ ካንቶን ነበረች። ከሆሲንገንና ከኮንስቱም ጋር ተዋህዳ ፓርክ ሆሲንገን የሚባል ኮሚዩን ሲፈጠር፣ ጓደኞቿ ክሌርቮ ካንቶን ስለነበሩ እሷም ወደዚያው ዞረች። ከዚያ በፊት በ2006 ባስተንዶርፍ ከፉረን ጋር ተዋህዳ ታንደል ስትሆን በተመሳሳይ መንገድ ከዲኪርሽ ወደ ቪያንደን ካንቶን ሄዳለች። ሰዎቹ ኮሚዩናቸውን ነው የመረጡት፤ ካንቶኑ ተከትሎ ተስተካከለ። የኛን አገር የወሰን ክርክር የሚያውቅ ሰው ይሄን ሲሰማ ሳይገረም አይቀርም።

አሁን እርስዎን የሚመለከተው ክፍል።

ሉክሰምበርግ ሲገቡ ከአውሮፕላን ማረፊያው ቀጥሎ የሚያገኙት መንግሥት ኮሚዩኑ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ሰው በገባ በ3 ቀን ውስጥ በሚኖርበት ኮሚዩን ቀርቦ መምጣቱን ማስመዝገብ አለበት። ለኅብረቱ ዜጎች 8 ቀን ነው፤ ያንን አንብበው እንዳይዘናጉ። ይዘው የሚቀርቡት ፓስፖርት፣ ከመምጣትዎ በፊት የተሰጠዎትን የመግቢያ ፈቃድ፣ የጋብቻና የልጆች የልደት ማስረጃ፣ እና የት እንደሚኖሩ የሚያሳይ ወረቀት ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ሰነዶች መረጋገጥና መተርጎም አለባቸው። ይሄንን እዚያ ሄጄ አደርገዋለሁ ብለው አይተዉት። እዚህ ሆነው ይጨርሱት። ምዝገባው ሲያልቅ 13 አሃዝ ያለው የግል መለያ ቁጥር በአገሩ መዝገብ ይያዝልዎታል። ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤትም፣ ባንክም፣ ትምህርት ቤትም የሚጠይቅዎት እሱን ቁጥር ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ ራሱ ግን የኮሚዩን ስራ አይደለም። የጤና ምርመራ አድርገው፣ በገቡ በ3 ወር ውስጥ ለኢሚግሬሽን መስሪያ ቤቱ ያመለክታሉ።

ልጆቹ። ግዴታ ትምህርት በ4 ዓመት ይጀምራል። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ሕንጻ የሚያዘጋጀውና ልጅ የሚመድበው ኮሚዩኑ ነው፤ መምህሩን የሚቀጥረው ግን መንግሥት ነው። ልጅ በሚኖርበት ኮሚዩን ይማራል። ለሕጻናት ማቆያ ክፍያ መንግሥት የሚደጉምበት ካርድ አለ፤ እሱንም የሚያወጡት ከኮሚዩኑ ነው። ቶሎ ያውጡት። ያለ ድጎማ ማቆያ ኪስ ያራግፋል።

ሌላው የዕለት ተዕለት ነገር ሁሉ እዚያው ነው። የውሃ ቢል፣ የቆሻሻ ገንዳና ክፍያው፣ የነዋሪ መኪና ማቆሚያ ፈቃድ፣ የቤት ግንባታ ፈቃድ፣ የልደትና የሞት ምዝገባ፣ ጋብቻ መፈጸም። የገንዘብ ችግር ለገጠመው ሰው ደግሞ የማህበራዊ ድጋፍ ቢሮ አለ። በ2009 በወጣው ሕግ አንድ ቢሮ ቢያንስ 6,000 ነዋሪ ሊኖረው ስለሚገባ፣ ትንንሾቹ ኮሚዩኖች ተጣምረው በጋራ ነው የሚያቋቁሙት። ዋና ከተማ ከሆነ የሚኖሩት ይሄ ሁሉ የምዝገባ ስራ ቢርገር ሴንተር በሚባለው አንድ ቦታ ያልቃል።

ኮሚዩን የማይነካው ደግሞ አለ። ፖሊስ የአገር ነው። እሳት አደጋና አምቡላንስ ድሮ የኮሚዩኖች ነበር፣ ከ2018 ጀምሮ ግን አንድ አገር አቀፍ ተቋም ሆኗል። የጤና መድን፣ የገቢ ግብር፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርትና የስራ ፈላጊ ምዝገባም የመንግሥት ነው። ለእነዚህ ኮሚዩን ሄደው ቢሰለፉ ጊዜዎን ነው የሚያጠፉት።

ቤት ስትከራዩ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ፤ የሰፈሩን ስም ብቻ ሰምታችሁ እንዳትፈርሙ። «ኮሚዩኑ የቱ ነው?» በሉ። ኤሽ የሚባል ኮሚዩን ሁለት አለ። ኤሽ ሱር አልዜት በደቡብ ያለችው የድሮ የብረት ከተማ ናት፤ ከዋና ከተማዋ ቀጥሎ በሕዝብ ትልቋ። ኤሽ ሱር ሱር ደግሞ በሰሜን፣ በቪልትዝ ካንቶን፣ በገደል የተከበበች ትንሽ ቦታ ናት። ዩኒቨርሲቲው ያለበት ቤልቫል ደግሞ ከፊሉ በኤሽ፣ ከፊሉ በሳኔም ኮሚዩን ነው። መንገድ ተሻግሮ ያለ ሕንጻ ሌላ ትምህርት ቤትና ሌላ የቆሻሻ ክፍያ ሊኖረው ይችላል። ቦታዎቹም በሉክሰምበርግኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ የተለያየ ስም አላቸው። ክሌርቮ፣ ክሊርፍ፣ ክሌርፍ ሦስቱም አንድ ቦታ ነው።

ከዚህ የባሰው ግን የአገሩ ስም ራሱ ነው። ቤልጅየም ውስጥ ሉክሰምበርግ የሚባል ክፍለ ሀገር አለ። በ1839 በለንደን ስምምነት ግራንድ ዱቺዋ ለሁለት ስትከፈል ምዕራቡ ክፍል ወደ ቤልጅየም ሄደ፤ ዋና ከተማው አርሎን ነው። ስፋቱ 4,440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አገሪቱን ራሷን ይበልጣል። ኢንተርኔት ላይ «ሉክሰምበርግ፣ ርካሽ ቤት» ብለው ሲፈልጉ የሚመጣልዎት ብዙ ጊዜ ያ ነው። ቤቱ ርካሽ መሆኑ እውነት ነው። ግን ድንበር ማዶ ነው፤ የእናንተ የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ የወዲህኛው አገር ነው።

ስለ ምርጫ አልጠየቁም፤ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ስለሆነ ልንገርዎት። የአገሩ ነዋሪ ግማሽ ያህሉ የውጭ ዜጋ ነው። በዋና ከተማዋማ 70 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በ2015 የውጭ ዜጎች ለፓርላማ ይምረጡ ወይ ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ 78 በመቶው እምቢ አለ። በኮሚዩን ምርጫ ግን የውጭ ዜጋ ይመርጣል፣ ይመረጣል፣ ከንቲባም መሆን ይችላል። ድሮ 5 ዓመት መኖር ያስፈልግ ነበር፤ ከ2023ቱ ምርጫ ጀምሮ ያ ቀርቷል። የሚጠበቅብዎት በኮሚዩንዎ የመራጮች መዝገብ ላይ መመዝገብ ነው። አንዴ ከተመዘገቡ ግን መምረጥ ግዴታ ነው፤ ዝም ብሎ መቅረት የለም። ምርጫው በየ6 ዓመቱ ስለሆነ ቀጣዩ በ2029 ነው።

የመጨረሻው የፎርም ነገር። ኢንተርኔት ላይ ዕቃ ሲያዙ ወይም ማመልከቻ ሲሞሉ «ክፍለ ሀገር» የሚል ሳጥን ይመጣል። አንዳንዱ ገጽ አሁንም ሦስቱን የድሮ ዲስትሪክቶች ያሳያል፣ የታደሰው ደግሞ 12ቱን ካንቶኖች። ያለውን ይምረጡ፤ ዕቃው ከመድረስ አይቀርም። ፖስታ የሚያገኝዎት በቤት ቁጥር፣ በመንገድ ስም፣ በባለ 4 አሃዝ የፖስታ ቁጥርና በቦታው ስም ነው። አድራሻ ላይ ካንቶን አይጻፍም።